ንጉሡ ያስተከሉት፣ ሕዝብ ያቆየው ደን

ከወልድያ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሲሪንቃን፣ መርሳንና ውርጌሳን እስኪያልፍ ድረስ በስተቀኙ ተራሮች አይለዩትም። በስተግራው ደግሞ መሬቱ ዝቅ እያለ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። የሀብሩ ወረዳ አርሶ አደር ኑሮ የተንጠለጠለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ተራራው ሲራቆት የክረምቱ ጎርፍ ድንጋይና አሸዋ ይዞ በማሳው ላይ ይተኛል፤ ተራራው ሲለብስ ግን ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ምንጩም በበጋ አይነጥፍም። የመርሳ የፍራፍሬ ማሳም ሆነ የጊራና መስኖ የሚጠብቀው ከላይ ያለውን የተራራ ደህንነት ነው።

ስለዚህ የአካባቢው ትልቁ ጥያቄ ችግኝ መትከል ብቻ ሆኖ አያውቅም። የተተከለውን ማን ይጠብቀው? የተከለለውን ተራራ ሁሉም የእኔ ነው ብሎ እንዲይዘው ምን ይደረግ? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከሀብሩ ጋር በሚዋሰነው አምባሰል፣ በግሸን አምባ ላይ የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉ አንድ ንጉሥ ከ550 ዓመታት በፊት ደን በማስተከል ስማቸው ይነሳል። እኚህ ንጉሥ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። የእርሳቸው ሕይወት በትእዛዝ የሚሠራ ሥራ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሥራው የማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ በሚገባ ያሳያል።

ከፈጠጋር እስከ ግሸን

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1391 ዓ.ም ገደማ በፈጠጋር ምድር ጥልቅ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው አፄ ዳዊት፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ። ከንጉሡ ልጆች መካከል ታናሽ ከሚባሉት ወገን ስለነበሩ ዙፋኑ ለእርሳቸው ይደርሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ስለ ልጅነታቸው የሚነገረው ትውፊት ለሕይወታቸው በመፍራት ወደ ትግራይ ተወስደው በአክሱም አካባቢ በትምህርት እንዳደጉ ይገልጻል።

አባታቸው ካረፉ በኋላ ግን እንደ ሌሎቹ የንጉሥ ልጆች ወደ ግሸን አምባ እንዲወጡ ተደረገ። በዚያ ዘመን የነጋሢ ዘር የሆኑ ወንዶች በሥልጣን ሽኩቻ አገር እንዳይበጠብጡ በአምባው ላይ በጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። መውጫው ጠባብ፣ ገደሉ ዙሪያውን የከበበው፣ ጠባቂው የማይለየው ስፍራ ነው። ዘርዓ ያዕቆብም 20 ዓመት ገደማ በዚያ እንደቆዩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያምናሉ። ጊዜያቸውን ያሳለፉት በንባብና በጸሎት እንደነበር በኋላ ዘመን ከጻፏቸው መጻሕፍት ጥልቀት መረዳት ይቻላል።

ከአምባው ሥር ግን አገሪቱ አልተረጋጋችም ነበር። አፄ ይስሐቅ በ1421 ዓ.ም ካለፉ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ነገሥታት በላይ በላዩ ተፈራረቁ። ወረርሽኝም ገባ። በመጨረሻ በ1426 ዓ.ም መኳንንቱ ዘርዓ ያዕቆብን ከግሸን አውርደው አነገሧቸው። የንግሥና ስማቸውም ቆስጠንጢኖስ ተባለ። በ35 ዓመታቸው አካባቢ ከእስር ቤት ተነስተው ወደ ዙፋን የወጡት ንጉሥ ለ34 ዓመታት ያህል ገዙ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ወደ አክሱም ወርደው በቀደምት ነገሥታት ሥርዓት ሥርዓተ ንግሣቸውን ፈጸሙ።

በሥልጣን የጸኑት ንጉሥ

ንጉሡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያዩት አገር በየአቅጣጫው የሚጎተት ነበር። በ1438 ዓ.ም ታኅሣሥ ወር ጎሚት በተባለ ስፍራ ከአዳሉ ሱልጣን ከባድላይ ጋር ገጥመው ድል አደረጉ። የምሥራቁ ድንበር ለጊዜው ጸጥ አለ። በውስጥ አስተዳደር ደግሞ የክፍለ ሀገር ሹመትን ከአካባቢ ባላባቶች እየወሰዱ ለልጆቻቸው፣ በተለይም ለሴቶች ልጆቻቸው ሰጡ። ሁሉም ነገር ከቤተ መንግሥት እንዲታዘዝ ፈለጉ።

በሃይማኖት ጉዳይም እንዲሁ ጥብቅ ነበሩ። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት የተባሉት መጻሕፍት ከስማቸው ጋር ተያይዘው ይታወቃሉ። ደስክና ዲኖ የሚባሉትን አምልኮዎች ተከትሏል የተባለ ሰው ከባድ ቅጣት ይደርስበት ነበር። ቅጣቱ ከቤተሰባቸውም አላለፈም፤ በሐሰት ክስ ጭምር የገዛ ልጆቻቸው ተቀጥተዋል። የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳትም በእርሳቸው ዘመን ብዙ መከራ አይተዋል። የዜና መዋዕላቸው ጸሐፊ ራሱ በዘመኑ የነበረውን ፍርሃት አልደበቀም።

አንድ ጉዳይ ግን በተለየ መንገድ ተፈታ። የቅዳሜ ሰንበት መከበር ወይም አለመከበር ከመቶ ዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለሁለት ከፍሎ ያቆየ ክርክር ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜ ይከበር ብለው ሲጸኑ ሌሎቹ አይቀበሉም ነበር። ንጉሡ በ1442 ዓ.ም ገደማ በተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ በተባለው ደብር ሁለቱንም ወገኖች ሰብስበው በጉባኤ አስማሟቸው። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ የጸና ነው። በአንጻሩ በኃይል የተሠሩት አስተዳደራዊ ለውጦች ከንጉሡ ዕድሜ አላለፉም። ልዩነቱ ከታች ስለሚነሳው ደንም ብዙ የሚናገር ነው።

ደብረ ብርሃንና የማገዶው ጣጣ

በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ከተማቸው ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲጓዙ ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ነጋዴውና የቤት አገልጋዩ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። ይህን የሚያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ሲሰፍር በጥቂት ወራት ውስጥ የአካባቢውን እንጨት ለማገዶና ለጎጆ፣ ሣሩን ለከብትና ለበቅሎ ይጨርሰዋል። የአካባቢው ገበሬ እህልም እንዲሁ። ከዚያ ሠፈሩ ወደ ሌላ ይነሳል። ቦታው እስኪያገግም ድረስ ዓመታት ይወስድበታል።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይህንን ልማድ ሰበሩ። በ1440ዎቹ ዓ.ም በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ በተባለበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። የመጨረሻዎቹን ከአሥር የበለጡ ዓመታትም በአብዛኛው እዚያው አሳለፉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ብርዱ ከባድ ነው፤ ሜዳው የሣር እንጂ የዛፍ አገር አይደለም። ንጉሥ በአንድ ቦታ ሲረጋ የእንጨት ፍላጎቱም በአንድ ቦታ ይከማቻል። ቤተ መንግሥቱ ምሰሶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ማገር፣ ምድጃው ማገዶ ይፈልጋል።

ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚገመስበት ገደላማ ሥፍራ ላይ ግን ወፍ ዋሻ የተባለው ደን አለ። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የሚበቅልበት ይህ ደን ዛሬም በሰሜን ሸዋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ከዘርዓ ያዕቆብ ስም ጋር የሚያያዘው የደን ልማት ትውፊትም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ከወፍ ዋሻ ወደ መናገሻ

ትውፊቱ እንዲህ ነው። ንጉሡ ከዛሬዋ አዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው የወጨጫ ተራራ ተራቁቶ ስላዩ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር ተለቅሞ እንዲዘራበት አዘዙ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘሩ በበቅሎና በሰው ጀርባ ተጉዞ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ዛሬ መናገሻ ሱባ ተብሎ የሚታወቀው ደን እንደበቀለ ይነገራል።

የጽድን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ትእዛዙ ቀላል አልነበረም። ጽድ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው፤ ዘር የሚያፈራው ሴቴው ነው። ዘሩ ለመብቀል ይዘገያል፤ ከበቀለም በኋላ ዕድገቱ አዝጋሚ ነው። ችግኙ ከከብት አፍና ከሰው እግር በብዙ ዓመት ጥበቃ ካልዳነ ዛፍ አይሆንም። ሲደርስ ግን ምስጥ የማይደፍረው፣ የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚሆን እንጨት ነው። ጽድ የሚተክል ሰው ምሰሶውን የሚያቆመው ለራሱ አይደለም፤ ለልጅ ልጁ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብም ያስተከሉት ዛፍ ሲያድግ አላዩም። በ1460 ዓ.ም መጨረሻ አረፉ።

ልጃቸው አፄ በእደ ማርያም ሲነግሡ ብዙውን የአባታቸውን ሥራ ፈቱት። የታሰሩ ተፈቱ፤ የክፍለ ሀገር ሹመት ወደ ቀድሞው ሥርዓት ተመለሰ። የቤተ መንግሥቱ ድንኳንም እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። በፍርሃት የቆመው ሁሉ ፍርሃቱ ሲነሳ አብሮ ወደቀ። ደኑ ግን ቆመ።

ጠባቂ የሌለው ደን እንዴት ቆየ?

የመናገሻ ታሪክ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ንጉሡ ካረፉ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ የኢማም አሕመድ ጦርነት ሸዋን አመሳቀለው። ከዚያ በኋላ የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና አካባቢና ወደ ጎንደር ሸሸ። የኦሮሞ ሕዝብ በአካባቢው ሰፈረ። ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተረፈ የቤተ መንግሥት ደን ጠባቂ በወጨጫ ተራራ ላይ አልነበረም። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም እስኪቆረቁሩ ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ከዚያም በላይ አለፈ።

በዚያ ሁሉ ዘመን መጥረቢያ በእያንዳንዱ ቤት ነበር። ደኑን መጨረስ የሚፈልግ ትውልድ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊጨርሰው ይችል ነበር። ያልጨረሰው በዙሪያው ይኖር የነበረው ሕዝብ ስላልፈለገ ነው ከማለት ሌላ አሳማኝ ምክንያት ማግኘት ያስቸግራል። በኦሮሞ ባህል ታላላቅ ዛፎች የሸንጎና የምርቃት ቦታ ናቸው፤ እንደ ዘበት አይቆረጡም። በክርስቲያኑም ዘንድ የቤተ ክርስቲያን አጸድ አይደፈርም። ደኑ ውኃ ነበረው፤ ማር ነበረው፤ በድርቅ ጊዜ ለከብት መሸሸጊያ ነበር። ዘሩን ያስበተነው የንጉሥ ቃል ነው፤ ዛፉን ያቆየው ግን የጎረቤት ስምምነት ነው።

አዲስ አበባ ስትመሠረት የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከተማዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋን አራቆተች። እንጨት ስለጠፋ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም ገደማ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያዳናት በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የመናገሻ ደን በዚያ ወቅት በመንግሥት ጥበቃ ሥር ስለዋለ ተረፈ። ዛሬ መናገሻ ሱባ ከ9 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሲሆን ከዚህ ውስጥ 2 ሺህ 500 ሄክታር ገደማው የተፈጥሮ ደን ነው። በውስጡም የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጽዶች እንዳሉ ይነገራል።

የመንዝ ሰዎች መንገድ

ዘርዓ ያዕቆብ ከከተሙባት ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን፣ በመንዝ፣ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ተጀመረ። ይህ ያለ ንጉሥ ትእዛዝ የቆመ ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የጓሳን ደጋ ለጋራ ጥቅም እንደከለሉት በአካባቢው ይተረካል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ የመረጠው አለቃ ጥበቃውን ይመራል፤ ወጣቶች በተራ ይጠብቃሉ። ጊዜው ሲደርስ ጓሳው ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፤ ማገዶም ይወስዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የቄሮ ሥርዓት ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ጓሳውም ለጉዳት ተጋለጠ። የመንዝ ሰዎች ግን ነገሩን አልተዉትም፤ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ኮሚቴ መርጠው ጥበቃውን መለሱት። የመንዝ ጓሳ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ሆኖ በሕግ ታውቋል። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሥርዓቱ ከመፍረስ የዳነው ባለቤቱ ስለሚታወቅና ሰው ከጥበቃው ምን እንደሚያገኝ ቆጥሮ ስለሚያውቅ ነው።

የወሎ ተራሮች ትምህርት

ወሎም የራሱን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተምሯል። ከ1965ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ብዙ እርከን ተሠራ፤ ብዙ ተራራም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆነ። ሥራው ትልቅ ነበር። ይሁን እንጂ ውሳኔው በአብዛኛው ከላይ የመጣ ነው። አርሶ አደሩ ተራራው ሲዘጋ የግጦሽ ቦታውን ማጣቱን እንጂ ከተዘጋው ተራራ ምን እንደሚያገኝ በግልጽ አላወቀም። ዛፉ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ የመንግሥት ነው የሚል ነበር። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ በበርካታ ቦታዎች የብዙ ዓመት ልፋት በአጭር ጊዜ በመጥረቢያ ወደቀ። ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሞት በኋላ በአስተዳደራቸው ላይ የደረሰው ዓይነት ነገር በወሎ ተራሮች ላይ ተደገመ።

ከ2003 ዓ.ም ወዲህ በየዓመቱ በበጋው ወራት በሕዝብ ተሳትፎ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ዘላቂ የሚሆነው ይህ ስህተት እስካልተደገመ ድረስ ነው። እርከን በዘመቻ ሊሠራ ይችላል። ጥበቃ ግን በዘመቻ አይሆንም፤ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በሀብሩም ሆነ በጉባላፍቶ ለተከለለ ተራራ ዕድሜ የሚሰጡት ነገሮች ከመንዝ የተለዩ አይደሉም። ድንበሩ በአዋሳኝ ቀበሌዎች ስምምነት መታወቅ አለበት። ልቅ ግጦሽ ሲቀር አጭዶ መቀለብ ይተካዋል፤ ሣሩም ከብት ላለውም ለሌለውም በደንብ የሚከፋፈል መሆን አለበት፤ ከብት የሌላት እማወራ ድርሻዋን ሸጣ መጠቀም ትችላለችና። መሬት የሌላቸው ወጣቶች በተከለለው ተራራ ላይ ቀፎ ሰቅለው ንብ ሲያነቡ ከተቀጣሪ ዘብ የበለጠ ጠባቂ ይሆናሉ። ቅጣቱ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ባወጣው መተዳደሪያ ደንብ፣ ዘመድና ባዕድ ሳይለይ መፈጸም ይኖርበታል። በወሎ ቄሱና ሼኩ በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ነገር የሚቋጩበት ባህል ስላለ ለዚህ የሚሆን መሠረት አልጠፋም።

ከግሸን የወረዱት ንጉሥ ኃይለኛ ነበሩ። ብዙ አዘዋል፤ ብዙ ቀጥተዋል፤ ብዙ ጽፈዋል። ከሥራቸው መካከል በሰው ዘንድ ጸንቶ የቀረው ግን በደብረ ምጥማቅ እንደተወሰነው በስምምነት የተሠራው፣ እንደ መናገሻም ሕዝብ ተቀብሎ ያቆየው ነው። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ አጽም ዛሬ በጣና ሐይቅ ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ዳጋ በዛፍ የተሸፈነች ደሴት ናት። ደኗን ለዘመናት የጠበቁት የዚያው ገዳም መነኮሳት ናቸው፤ ዙሪያው ያለው ሕዝብም የገዳሙ ነው ብሎ አክብሮላቸዋል። ደን ያስተከሉት ንጉሥ ያረፉት ሌሎች በጠበቁት ደን ጥላ ሥር ነው።